«የአባት ስም» የሚለው ሳጥን

የስም ፎርም መሥራት ለጀማሪ ፕሮግራመር የሚሰጥ ሥራ ነው። ሦስት ሳጥን፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከቀረ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይልና «እባክዎ ይህን ቦታ ይሙሉ» ይላል። ካልሞሉ አያልፉም። ምህንድስና ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ይህችን ነገር ለክሊኒክም፣ ለቁጠባ ማኅበርም፣ ለትምህርት ቤትም ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላውቅም። አምስት ደቂቃ አትፈጅም።

ከውጭ የሚመጣው ሶፍትዌር ደግሞ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ የመጀመሪያ ስም እና የመጨረሻ ስም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «የመጨረሻ» የሚለው ላይ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት። ፈረንጆቹ የመጨረሻ ስም ሲሉ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤት ስም ማለታቸው ነው። እኛ ጋ እንደዚያ ዓይነት ነገር የለም። ኃይሌ ሲሮጥ የውጭ ኮሜንታተሮች «ገብረሥላሴ! ገብረሥላሴ!» እያሉ ሲጮኹ የሰማ ሰው ይገባዋል፤ ልጁ እየሮጠ አባቱን ነበር የሚጠሩት። ጥሩነሽና ገንዘቤ «ዲባባዎቹ» ተብለዋል። ዲባባ ግን አባታቸው እንጂ የቤታቸው ስም አይደለም፣ የጥሩነሽ ልጅም ዲባባን የሚያገኘው ከእናቱ ስም አጠገብ እንጂ ከራሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅቱ ኃላፊ ግን ተሳክቶላቸዋል መሰለኝ፤ ዓለም ሁሉ «ዶክተር ቴድሮስ» ይላቸዋል፣ ልክ እንደኛ።

በእኛ አሠራር ስም ተራ ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው፣ ከፊት አንድ ሲገባ ከኋላ አንድ የሚወጣበት፣ ርዝመቱ ሦስት የሆነ ሰልፍ በሉት። አንድ ልጅ ሲወለድ ስሙ ከፊት ይገባል፣ የአባቱ አያት ደግሞ ከወረቀት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የአበሻ ወላጅ «ለልጄ ምን ዓይነት የመጨረሻ ስም ልምረጥ?» ብሎ ሌሊት አይጨነቅም። እሱ ተሰጥቶ ያለቀ ነው። ምርጫው ያለው ከፊት ነው፤ ለዚህም ነው እዚያ ላይ ያለንን ሁሉ የምናፈሰው። ልጅ ሞቶብን ቀጥሎ ሲወለድ ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሳ እንላለን። ከአባት ስም ጋር ገጥሞ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን አድርገንም እናወጣለን። አባቱ ይሁን የሚባል ከሆነ ልጅቱን ሰላም ብሎ «ሰላም ይሁን» ማሰኘት ነው።

የእህቴም ልጅ ስም እንደዚያ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለብቻው ሲጠራ ተራ ስም ነው። ከአባቱ ስም ጋር ሲነበብ ግን ስለ መመለስ የሚናገር አጭር ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ያወጣው አባቱ ነው፣ ልጁ ገና በሆድ ሳለ፣ ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት። «ወንድ ከሆነ እንዲህ በይው» ብሏት ሄደ።

አገራችን ኮኪት ነው። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ሙቀትና ወባ። ከነዋሪው ብዙው መጤ ነው። አባባ ራሱ በወጣትነቱ ከደምቢያ ለሰሊጥ አረም ወርዶ በዚያው ቀረ። የእህቴ ባል ደግሞ ከጎጃም ነው የመጣው፤ እሱም ለአረም፣ እሱም ቀረ። ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጠላ ተጠምቆ ተጋቡ። የጋብቻ ወረቀት የሚባል ነገር ግን አላወጡም። ማን ያወጣል? ሕጉም ቢሆን በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ያውቃል።

መጋቢት 2015 ዓ.ም. ወደ ገዳሪፍ ሄደ፤ ከዚያ ካርቱም የግንባታ ሥራ አለ ተባለ። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሰው ስልክ፣ ለሁለት ደቂቃ ደወለ። ከዚያ ዝም።

ልጁ የተወለደው ጥቅምት 2016 ነው። ያ ጊዜ በአማራ ክልል ኢንተርኔት የሌለበት፣ መንገዱም የማያስተማምንበት ጊዜ ነበር። እኔ አዲስ አበባ፣ እነሱ ኮኪት። የልጁን ፊት በቪዲዮ ማየት ስለማልችል እህቴ በስልክ ትገልጽልኝ ነበር። «ጆሮው ያንተ ነው ወንድማለም። ግንባሩ ግን የሱ ነው፣ ምንም አይካድም።»

ሰዎች ለልጅ ስም የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞቹ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ያወጣሉ። እኛ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እናነሳለን። መንግሥት ደግሞ ዘጠና ቀን ይሰጣል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በዘጠና ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የአርባው ቀን ችግር አልነበረውም። ቄሱ የጠየቁት የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለአባት የሚሆን ሌላ ሳጥንም አላት፤ የክርስትና አባት የሚባል። ጎረቤታችን ሞላልን። እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ መንገዱ ግን አይሆንም።

የዘጠናው ቀን ነው ቤቱን ያመሰው።

አባባ አስቦ ጨርሷል። ልጁ በእሱ ስም ይመዝገብ። «እኔ በሕይወት እያለሁ የእኔ የልጅ ልጅ አባት የለውም አይባልም» አለኝ በስልክ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከእናቴ ወገን ሁለት የአክስት ልጆች በአያታቸው ስም ነው የተማሩት፤ በየሰፈሩ እንደዚህ ዓይነት ሰው አታጡም። እናቴ መሐል ቤት ነበረች። ትልቁ ወንድሜ ግን ቁጣ ነበረበት፤ «ጥሎ የሄደ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? ጎጃም ሌላ ሚስት እንዳለው ያወሩ የለ?» እያለ። ወሬውን ያመጣው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። በረሃ ውስጥ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

እህቴ ደግሞ አንድ ሌሊት ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «በአንተ ስምስ ቢሆን? አንተ የተማርክ ነህ፣ ስምህ አያሳፍረውም።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ስሜን ከልጁ ስም ጋር አድርጌ በልቤ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገር አይሆንም። ግን ያምራል።

በማግስቱ ሕግ የተማረ ጓደኛዬን ምሳ ጋበዝኩትና ጠየቅኩት። የነገረኝ ነገር ከዚያ በፊት በጭንቅላቴ አንድ የነበረውን ሁለት ቦታ ከፈለው። አንደኛው ስም ነው፤ ሁለተኛው ልጅነት፣ ማለትም የማን ልጅ ነው የሚለው። ስም መጠሪያ ነው። ልጅነት ግን ቀለብ ነው፣ ውርስ ነው፣ ኃላፊነት ነው። እኛ አገር የአባት ስም ሁለቱን በአንድ ሳጥን ስለሚይዝ ሰው ስም የለወጠ እየመሰለው አባት ይለውጣል።

የአባባን ሐሳብ በወረቀት ላይ አስኪዱትና እዩት። ልጁ የአባባ ልጅ ሆኖ ከተመዘገበ እህቴ የልጇ እህት ሆነች። እኔ አጎት መሆኔ ቀርቶ ወንድሙ ሆንኩ። ነገ አባባ ሲያልፍ (ዕድሜውን ያርዝመው) ልጁ ከእኔና ከወንድሜ እኩል ወራሽ ነኝ ብሎ ሊቀርብ ነው፤ ዛሬ የአያትን ስም ስጡት የሚለው ወንድሜ ያኔ «አባታችን አልወለደውም» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆመው የመጀመሪያው ሰው ይሆናል። አላማሁትም፤ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ያለ ነገር ነው። የእኔም ስም ቢሆን ያው ነው፤ የእህቴን ልጅ እኔ ወለድኩት ማለት ነው። በሕግ አባት መሆን ብፈልግ መንገዱ ጉዲፈቻ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይፈቅዳል፣ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል፣ ልጁም ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ዕድሜዬ ይበቃል። ግን ጉዲፈቻ አባቱ የሚታወቅ ልጅ ላይ አባቱን ሳይጠይቁ እንዲሁ የሚደረግ ነገር አይደለም። እና አባቱ ይታወቃል። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፤ ሕጉ ይህን ለመገመት የባልየውን ስልክ አንሥቶ መመለስ አይጠብቅም።

ጓደኛዬ ሌላም ነገር አሳየኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ስም ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ይናገራል፤ ያረቀቀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነው። አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው የግል ስም፣ የአባት ስም፣ በዚያ ላይ ደግሞ «የቤተ ዘመድ ስም» አለው ይላል። የትኛው የቤተ ዘመድ ስም? ጠላታችሁ ይደንግጥ፣ ደነገጥኩ። ሕጉ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ እኔ አንድም የቤተ ዘመድ ስም ያለው ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ቱርክ በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕግ አውጥታ ዜጎቿን ሁሉ የቤት ስም አስያዘች፤ ያዙም። እኛ ሕጉን አወጣን፣ ሰዉ እንደለመደው ቀጠለ፤ የልደት መዝገቡም ቢሆን እስከ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ በአገር ደረጃ ሥራ አልጀመረም። አይስላንዶች እንደኛው በአባት ስም ይጠራሉ፣ የስልክ ማውጫቸውንም በራስ ስም ነው የሚደረድሩት። ድንበሩን ተሻግረው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች አርፈው የነበሩት ሱዳናውያንም ያው ናቸው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ እንዲያውም የቅድመ አያት። የእኛ ሰልፍ ሦስት ቢሆን የእነሱ አራት ነው።

ሕጉ ሲቀጥል፣ ልጅ የአባቱን የቤተ ዘመድ ስም ይይዛል፤ አባቱ ካልታወቀ የእናቱን። እናት የእናቷ ወይም የራሷ የቤት ስም ስለሌላት «የእናት ቤተ ዘመድ ስም» ማለት በተግባር ዞሮ ዞሮ የእናት አባት ስም ይሆናል። አባባ ሳያነበው ሕግ አውቋል ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ሕጉ ያንን የሚለው አባት ላልታወቀ ልጅ ነው። አንቀጽ 34 ደግሞ የግል ስም የማውጣቱን መብት ለአባት ሰጥቶ እናት ሁለተኛ የግል ስም መጨመር ትችላለች ይላል። ይህን ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። «ሁለተኛ? እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ሁለተኛ?»

እዚህ ላይ ስለ መተማ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ያገሬ ሰው ይታዘበኛል። መተማ ዮሐንስ የምትጠራው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። እሳቸውም ዮሐንስ ሆነው አልተወለዱም፤ ካሳ ነበሩ። ቴዎድሮስም ካሳ፣ ምኒልክም ሣህለ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴም ተፈሪ። ነገሥታት ስም ሲለውጡ ለፍርድ ቤት አያመለክቱም፣ ይነግሣሉ። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው፣ ሊሞቱ ሲሉ፣ የወንድማቸው ልጅ ተብለው የኖሩትን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው ለመኳንንቱ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ታሪክ የሚያውቃቸው ራስ መንገሻ ዮሐንስ ብሎ ነው። ዙፋኑን አላገኙም፤ ምኒልክ ወሰዱት። ስሙን ግን አገኙ። በኢትዮጵያ ታሪክ ከታወቁት «ልጄ ነው» የማለት ቃሎች አንዱ የተነገረው ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ነው። ሰልፉም አልቀረላቸውም፦ የመንገሻ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ የሥዩም ልጅ ራስ መንገሻ ሥዩም። የኋለኛው ሦስት ስሙን ሲሞላ መንገሻ ሥዩም መንገሻ ነው። ዮሐንስ ወድቋል።

ይህን ለአባባ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ንጉሡ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ተናገሩ። ያንተ አማች ምን ብሏል?» አለኝ።

ምን ብሏል? ስም አውጥቷል። ስሙን ከራሱ ስም ጋር ገጥሞ አውጥቷል። ካልመጣስ ብሎ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ አይመስለኝም፤ ወይም በትክክል እንደዚያ ያሰበ ሰው ነው የሚያወጣው። የአባቱ ስም ወጥቶ የአባባ ስም ከገባ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። የሚመለሰው ሰው ከውስጡ ይጠፋና «መመለስ» የሚለው ብቻ ይቀራል። ለአባባ እንዲህ አልነገርኩትም፤ እሱ ግጥም ምናምን አይወድም። የነገርኩት የውርሱን ነገር ነው። ልጅህ የልጇ እህት ልትሆን ነው ስለው ግን ድምፁ ተለወጠ። «ኧረ ይሄስ ነውር ነው» አለ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር በጣም ተራ ነው። ሦስተኛው ሳጥን። የባልየው አባት ስም ማን ነው? በረሃ ውስጥ ሰው በሙሉ ስሙ አይጠራም፤ እሱም «ጎጃሜው» ነበር። እህቴ የአባቱን ስም ሰምታለች ግን እርግጠኛ አይደለችም። መታወቂያውን ይዞት ሄዷል። አገሩ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ስልክ የለም፣ የዘጠናው ቀን ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ያኔ ትዝ ያለኝ ቴሌብር ነው። «ገንዘብ ልኮልሽ ያውቃል?» አልኳት። ጥቅምት 2015 ቋራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ሳለ ሁለት ጊዜ ልኮላታል። ሲላክ የሚመጣው መልእክት የላኪውን ስም ይጽፋል። ቀፎዋ አሮጌ ስለሆነ፣ እሷም መልእክት አጥፍታ ስለማታውቅ፣ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ስሙ ከነአባቱ፣ በላቲን ፊደል። ፊደል ፊደሉን እየጠራች አስነበበችኝ። የአባቱ ስም የሚጀምረው በላቲኑ ቲ ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ ተ ሊሆን ይችላል፣ ጠም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰዎች የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። አንድ ሰው ተብሎ ከተጻፈና ልጁ ሌላ ተብሎ ከተጻፈ ነገ ሁለት የተለያዩ አያቶች ናቸው። ኮድ ስጽፍ ከላቲን ወደ ግዕዝ ፊደል መመለስ የማይቻልበትን ምክንያት ለሰው ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ሲናደድ አባቱን እንዴት ነበር የሚጠራው?» አልኳት። ወንድ ልጅ ሲፎክር ወይም ሲምል የአባቱን ስም ይጠራልና። ትንሽ አሰበች። ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ በሱ ድምፅ፣ እንደሚፎክር ሰው፣ ስሙን ጠራችው። ጠ ነበር። እናቴ ከኋላ ስትስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ።

በሰማንያ ስድስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ፣ ያጋቧቸው ሰዎች፣ አብረዋት ወደ ምዝገባው ሄዱ። ጋብቻውን ምስክር ሆኑ። መዝጋቢዋ ጽሑፏ ቆንጆ ነው አለችኝ እህቴ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስቱም ተሞሉ።

ስሙ በኋላ ሊለወጥ ይችል እንደሆነ ጠይቃኛለች። ይቻላል። በቂ ምክንያት ካለ ለፍርድ ቤት ይመለከታል፤ ፍርድ ቤቱ ለውጡ ሦስተኛ ወገንን እንደማይጎዳ አይቶ ይፈቅዳል። ግን ዘመኑም ሌላ ነው። የእናቴ እህት ልጆች አንድ ትምህርት ቤት በአያታቸው ስም ተመዝግበው፣ ሌላው ጋ በአባታቸው ስም ገብተው አልፈዋል፤ ወረቀት ከወረቀት ጋር አይነጋገርም ነበር። አሁን የልደት ምስክር ወረቀቱ ለፋይዳ ይሆናል፣ ፋይዳው አሥራ ሁለት አሃዝ ይሰጣል፣ ባንኩም ሲሙም በዚያ ቁጥር ይያያዛል። በአንድ በኩል የእኔ ሙያ ነው፣ ደስ ይለኛል። በሌላ በኩል ያ ላላ ያለው አሠራር ስንት ልጅ ከነገር እንዳዳነ አውቃለሁ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ እህቴ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የልጁን ስም አልነበረም፤ ጠን ነው።

አባቱ አልደወለም። ከካርቱም የተመለሱ ሰዎችን በመተማ ዮሐንስ እየሄደች ትጠይቃለች፤ አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው አላውቀውም ይላል። አባባ ወረቀቱን ተቀብሏል፣ ከተማውን ግን አይደለም፤ ኮኪት ውስጥ ልጁን የሚያውቀው ሰው ሁሉ በአባባ ስም ነው የሚጠራው፣ አባባም አያርምም። በሚመጣው መስከረም ሙአለ ሕፃናት ይገባል። አስተማሪዋ ከወረቀቱ ላይ ስትጠራው ዝም እንዳይል እህቴ ሦስቱን ስም ታለማምደዋለች። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ አስባለችልኝ። የመጀመሪያውን አለ፣ ሁለተኛውንም አለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ በሩ ዞሮ «አባባ!» ብሎ ተጣራ።